በሰንበት የሚያርፈው ሜዳ

ከስኮትላንድ በስተ ምሥራቅ፣ የሰሜን ባሕር ማዕበል ዘወትር በሚመታው ጠረፍ ላይ፣ ስሟን ከሐዋርያው ከቅዱስ እንድርያስ የወሰደች አንዲት ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በአገሩ ቋንቋ ሴንት አንድሩስ ይሏታል። ሐዋርያው የጴጥሮስ ወንድም፣ አስቀድሞም የመጥምቁ የዮሐንስ ደቀ መዝሙር የነበረ፣ በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 4 ቀን የሚታሰብ መሆኑን አንባብያን ያውቃሉ። የአገሩ ሰዎች በጥንት ትውፊታቸው እንደሚተርኩት፣ ሬጉሉስ የተባለ መነኩሴ ሐዋርያው ከተሰቀለበት ከፓትራስ ጥቂት ዐፅሞቹን ይዞ በመርከብ እዚህ ጠረፍ ደረሰ። የስኮትላንድ ሕዝብም ሐዋርያውን የአገሩ ጠባቂ አድርጎ ይዞታል፤ በሰንደቅ ዓላማው ሰማያዊ መደብ ላይ የሚታየው ነጭ የተጋደመ መስቀል የእርሱ መታሰቢያ ነው።

ለዐፅሙ ማረፊያ እንዲሆን በ12ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የተጀመረው ካቴድራል ከ150 ዓመት በላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1318 ንጉሡ ሮበርት ብሩስ በተገኙበት ተባረከ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ ወደ 119 ሜትር ይደርስ ነበር። በ1559 ጆን ኖክስ በከተማይቱ ከሰበከ በኋላ በተነሣው ሁከት ግን ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘረፉ፤ ሥዕሎቹና ምስሎቹ ተሰባበሩ፤ የሐዋርያው ዐፅም ነው የተባለውም በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ከዚያም ወዲያ የከተማው ሰው ድንጋዩን እየነቀለ ቤቱን ሠራበት። ዛሬ የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ቅሪት፣ 33 ሜትር ከፍታ ያለው የቅዱስ ሬጉሉስ ግንብ፣ በመካከላቸውም ሰፊ መካነ መቃብር ይታያል። ከኢትዮጵያ የመጣ ክርስቲያን እዚያ ሲቆም ሐዘን ይሰማዋል።

ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ የሚኖር ብዙ ሰው የከተማይቱን ስም የሚያውቀው በሐዋርያውም በካቴድራሉም አይደለም፤ በጎልፍ ጨዋታ ነው።

በትምህርት ጉዳይ በኤዲንብራ በሰነበትንበት በነሐሴ ወር፣ ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ቅዳሜንና እሑድን በቤታቸው እንድናሳልፍ ጋበዙን። እኛም በ1890 የተመረቀውን ታላቁን የፎርዝ የብረት ድልድይ በባቡር ተሻግረን ሉካርስ ከተባለ ጣቢያ ወረድን። ወደ ከተማይቱ የሚያስገባው ሐዲድ በ1969 ስለ ተዘጋ የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ ጨረስን። አስተናጋጃችን ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር 31 ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ጎልፍ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው፤ የተጋበዝነውም ይህንኑ ማኅበራቸውን እንድናይ ነበር።

ጎልፍን ላላዩ አንባብያን ነገሩን ባጭሩ እንግለጽ። ተጫዋቹ ጫፉ በታጠፈ ዱላ፣ ከዶሮ ዕንቁላል ጥቂት የምታንስ ጠንካራ ኳስ እየመታ፣ በሩቅ በባንዲራ ወደ ተመለከተ ትንሽ ጉድጓድ ያደርሳታል። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው፤ ሁሉንም በጥቂት ምት የፈጸመ አሸናፊ ነው። የገና ጨዋታ የተጫወተ የአገራችን ሰው ዱላውን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። ነገር ግን በገና ሁለት ወገን ሆነው አንዲቱን ሩር ይሻሙባታል፤ ቅልጥም ይመታል፣ ግንባርም ይፈነከታል። በጎልፍ እያንዳንዱ የገዛ ኳሱን ብቻ ይመታል፤ ማንም ማንንም አያግድም። በበኩላችን ለዓይን የሚደምቀው የእኛው ገና ነው እንላለን።

የሚጫወቱበት መሬት ሊንክስ ይባላል፤ ይኸውም በባሕሩና በእርሻው መካከል የተዘረጋ፣ ለዘር የማይሆን፣ አጭር ሣር የለበሰ አሸዋማ ምድር ነው። አሮጌው ሜዳ የሚሉትን ዋናውን ሜዳ በመጀመሪያ ንድፍ አውጥቶ የሠራው መሐንዲስ የለም፤ ሣሩን በጎች ጋጡት፤ ጥንቸሎች ቈፈሩት፤ ነፋስም አሸዋውን ገለጠው። በጎች ከነፋስ ይጠለሉባቸው የነበሩት ጎድጓዳ ሥፍራዎች ዛሬ ተጫዋች የሚፈራቸው የአሸዋ ወጥመዶች ሆነዋል ይባላል። ቍጥራቸው 112 ሲሆን፣ ከሁሉ የሚከፋውን ገሃነም ብለው ሰይመውታል። በሜዳው መጨረሻ ትንሿን ጅረት የሚያሻግረው አጭር የድንጋይ ድልድይም መንጋ ለሚነዱ እረኞች የተሠራ ነበር።

የዚህ መሬት የባለቤትነት ታሪክ ከጨዋታው ይልቅ ልባችንን ሳበው። በ1457 በንጉሡ በዳግማዊ ጄምስ ዘመን፣ ሕዝቡ ጎልፍና እግር ኳስ እየተጫወተ የቀስት ልምምዱን ተወ ተብሎ ሁለቱም ጨዋታዎች በዐዋጅ ተከለከሉ፤ ጊዜው በእኛ አገር ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ነግሠው የነበሩበት ነው። ዐዋጁ በ1471ና በ1491 እንደ ገና መደገሙ ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ሰማ ያስረዳል! በ1552 ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን በመሬቱ ላይ ጥንቸል ለማርባት ከከተማይቱ ጋር ሲዋዋሉ፣ ሕዝቡ በዚያ የመጫወትና ከብቱን የማሰማራት መብቱ እንዲጠበቅለት በጽሑፍ አጸኑለት። ከ200 ዓመት በላይ ቈይቶ ግን የከተማው ምክር ቤት ዕዳ ስለ በዛበት ሜዳው በጥንቸል ነጋዴዎች እጅ ገባ። ጥንቸሎቹም እንደ ጠባያቸው እየቈፈሩ አበላሹት። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ከቈየ በኋላ፣ ጄምስ ቺፕ የተባሉ የአካባቢው ባለ ርስት በ1821 መሬቱን ገዝተው ለጨዋታው አተረፉት። ከተማይቱም በ1894 በፓርላማ ሕግ መልሳ ገዛችው፤ ከ1974 ጀምሮ ለሕዝብ የሚጠብቀው አንድ የአደራ ድርጅት ነው።

ስለዚህ በዓለም ያሉ ባለጸጎች ሊጫወቱበት የሚመኙት ይህ ሜዳ የማንም ጌታ ርስት አይደለም። ከሩቅ የመጣ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ዕጣ እስኪወጣለት ይጠብቃል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጉድጓድ መስክ ላይም «የአያት ክላርክ መንገድ» የሚሉት የሕዝብ መተላለፊያ ያቋርጣል፤ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው በዚያ ሲያልፍ ተጫዋቹ ዱላውን አውርዶ ይቈያል። ቅዳሜ ጧት በመንገዱ ዳር ቆመን ስንመለከት፣ ለዚህች አንዲት ቀን ብለው ከሩቅ አገር የመጡ ተጫዋቾች፣ አንድ አይስክሬም የያዘ ሕፃን እያዘገመ እስኪሻገር ድረስ በትዕግሥት ሲጠብቁት አየን።

በአሮጌው ሜዳ በፊት አንድ ዙር 22 ጉድጓድ ነበር፤ በ1764 አጫጭሮቹን በማጣመር 18 አደረጉት፤ ዓለምም ሁሉ ይህንኑ ቍጥር ተከተለ። ከጉድጓዶቹ 14ቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ሰፊ ለስላሳ መስክ ላይ ይገኛሉ፤ ለሚሄዱት ነጭ፣ ለሚመለሱት ቀይ ባንዲራ ተተክሎላቸዋል። የሁለቱ ጉድጓዶች ተራ ቍጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይሆናል፤ 2ኛው ከ16ኛው፣ 3ኛው ከ15ኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አስተናጋጃችን ድምሩን ለተማሪዎቻቸው 40 ዓመት እንዳስተማሩት በደስታ ነገሩን። በሜዳው ራስ ላይ የቆመው ባለ ግርማ የድንጋይ ቤት በ1754 በ22 ሰዎች የተመሠረተው የተጫዋቾች ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ2014 ሲሆን፣ መዘግየቱ አያስመሰግነውም፤ የከተማይቱ ሴቶች ከ1867 ጀምሮ የገዛ ማኅበራቸውንና ኰረብታ ኰረብታ የሚለውን ትንሽ መጫወቻቸውን ይዘው ኖረዋል።

ወዳጆቻችን ግን ቅዳሜያቸውን የሚያሳልፉት በዚህ በከበረው ሜዳ አልነበረም። በከተማይቱ ጠረፍ በጠቅላላው ሰባት የሕዝብ ሜዳዎች አሉ፤ ከነዚህ ሁሉ የሚያንሰው ባልጎቭ የሚባለው፣ ጉድጓዶቹ 9 ብቻ የሆኑ፣ ለልጆችና ለጀማሪዎች የተሰናዳ ነው። አራቱ ሽማግሌዎች የሄዱት ወደዚያ ነበር። ምክንያቱን አስተናጋጃችን በመንገድ ላይ ቀስ ብለው አስረዱን። ከአራቱ ታላቅ የሆኑት ሰው ዕድሜያቸው 83 ነው፤ ሙሉ የሥራ ዘመናቸውን የከተማው ፖስተኛ ሆነው በእግራቸው ሲዞሩ ኖረው፣ አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። የአሮጌው ሜዳ ዙር ደግሞ በእግር የሚሄዱት ረጅም መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ፖስተኛው ከእንግዲህ ወዲህ እኔን አትጠብቁኝ ብለው ዱላቸውን ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡ ተነሡ። ሦስቱም አንድ ቃል ሳይመልሱላቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረጢታቸውን ይዘው ባልጎቭ ተገኙ፤ ለፖስተኛውም በዚያ ቦታ እንደሚጠብቋቸው ነገሯቸው።

ከሦስቱ አንዱ ሐኪም ናቸው፤ በዕድሜያቸውም በጨዋታ ችሎታ የተመሰገኑ ናቸው። ሌላው የቀድሞ ዓሣ አጥማጅ ሲሆኑ፣ ድምፃቸው ከነፋሱ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሕፃናት ጋር ተራ ሲጠብቁ ማየት ያስደስታል። ከፊታችን 8 ዓመት የሚሆናት ልጅ ከአባትዋ ጋር ትጫወት ነበር። ኳስዋ ከረጅም ሣር ውስጥ ጠፍታባት ፊቷ ሲጠቍር፣ ፖስተኛው በምርኩዛቸው ሣሩን እየገላለጡ አገኙላት። ሐኪሙም ዱላዋን እንዴት እንደምትይዝ አሳዩዋት፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ሄደ፤ የተቻኰለ ግን አልነበረም።

ኃይለኛውና ደካማው በአንድነት የሚጫወቱበት አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ሐንዲካፕ ይሉታል። ይህም ማለት ለእያንዳንዱ እንደ ችሎታው መጠን የምት ቅናሽ ይሰጠዋል፤ ለደካማው ብዙ፣ ለብርቱው ጥቂት ወይም ምንም አይቀነስለትም። ስለዚህ ሐኪሙ ፖስተኛውን ለማሸነፍ ችሎታቸውን ሁሉ ማውጣት አለባቸው፤ ፖስተኛውም የተሸነፉላቸው መስሏቸው አያፍሩም። በትምህርት ቤት ብርቱውንና ደካማውን ተማሪ በአንድ ፈተና የምንመዝን ሰዎች ይህን ስንሰማ ብዙ አሰብን።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደግሞ በ6ኛው ጉድጓድ አየን። የዓሣ አጥማጁ ኳስ ከእኛ ርቃ ከአንድ ጉብታ ኋላ ወድቃ ነበር፤ ሰውዬው ብቻቸውን ሄደው መቷትና ተመለሱ። ሐኪሙ ካርዱን ይዘው ስንት ምት እንደ ሆነ ሲጠይቋቸው አምስት አሉ። እኛ የቈጠርነው ግን አራት ነበር። ዱላቸውን ከኳሷ አጠገብ ሲያሳርፉ ኳሷ ተንቀሳቅሳባቸው ኖሮ፣ በሕጉ መሠረት አንድ ምት በራሳቸው ላይ ጨመሩ። ያየ ሰው አልነበረም። የተያዘውም ውርርድ የአራት ሰው ሻይ ብቻ ነበር። ሐኪሙ አምስት ብለው ጻፉ፤ ማንም አላመሰገናቸውም፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ዳኛ አብሮ በማይሄድበት በዚህ ጨዋታ ይህ የተለመደ ነገር ነው አሉን። አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ በ1925 በአገሩ ታላቅ ውድድር ላይ እንዲሁ ማንም ያላያትን አንዲት ምት በራሱ ላይ አስቈጥሮ፣ በዚያች ምት ምክንያት ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወጣ፤ በተደገመው ጨዋታም ተሸነፈ። ይኸው ሰው በ1921 በሴንት አንድሩስ ሜዳ ተናድዶ ውድድሩን ጥሎ የወጣ ነበር። በ1927 ተመልሶ አሸነፈበት፤ በ1958ም ከተማይቱ የክብር ዜግነት ሰጠችው። ዓሣ አጥማጁ ይህን ታሪክ ሲነግሩን የራሳቸውን አምስተኛ ምት ረስተውት ነበር። በመጨረሻ ቅናሹ ተሰልቶ ፖስተኛው በአንድ ምት አሸነፉ፤ ሻዩንም ዓሣ አጥማጁ ከፈሉ።

ሻዩ የተጠጣው በሐኪሙ ቤት ነው። ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበር ወተትና ቅቤ የገባበትን እንደማንቀምስ አስቀድመን ለአስተናጋጃችን ነግረናቸው ነበር። የሐኪሙ ባለቤት ለእኛ ለብቻው ዳቦና የፍራፍሬ ማርማላታ፣ ያለ ወተት የቀረበ ሻይም አሰናድተው ጠበቁን። የጾሙን ምክንያት ጠየቁን፤ ስለ እመቤታችን ዕርገት የምንጾመው መሆኑን አስረዳን፤ በጽሞና ሰሙን።

በዚያ ማዕድ ላይ የሰማነውን አንድ ነገር ለቤተ ሰብ አንባብያን መንገር ተገቢ ይመስለናል። አሮጌው ሜዳ በእሑድ ዝግ ነው፤ ዛሬም ድረስ። እኛም ይህን መልካም ልማድ እያደነቅን ስንናገር፣ የቤቱ እመቤት ፈገግ ብለው ባለቤታቸውን ተመለከቱ። በትዳራቸው መጀመሪያ ዓመታት ሐኪሙ ሳምንቱን በሕሙማን፣ ቅዳሜን በሜዳ ያሳልፉ ነበር። እሑድ አሮጌው ሜዳ ቢዘጋም በ1895 የተከፈተው አዲሱ ሜዳ አጠገቡ ክፍት ስለ ሆነ፣ ከረጢታቸውን አንሥተው ወደዚያ ይሻገራሉ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። አንድ እሑድ ትንሹ ልጅ በራፉ ላይ የአባቱን ከረጢት ይዞ ተቀምጦ፣ እኔም ሕመምተኛ ብሆን አባባ ያየኝ ነበር አለ። እመቤቲቱ ይህን የተናገሩት ለመውቀስ አልነበረም፤ ሐኪሙም አልተከላከሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ ዱላ ነክተው እንደማያውቁ ብቻ ነገሩን። ያ ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው።

እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያናችን ርቀን ስለ ነበርን ጸሎታችንን በማደሪያችን አደረስን። ከዚያም አስተናጋጆቻችን ከቤተ ክርስቲያናቸው ሲመለሱ አብረን ወደ አሮጌው ሜዳ ወረድን። ትናንት በዕጣ የሚገባበት መስክ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል! እናቶች ሕፃናቶቻቸውን በጋሪ ይገፋሉ፤ ውሾች ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዘግማሉ። ሁለት ተማሪዎች በትንሿ የድንጋይ ድልድይ ጫፍ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነቡ ነበር። ፖስተኛውም በምርኩዝ እየተደገፉ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ሊጫወቱበት ያልቻሉትን ሜዳ በሰንበት እየተጓዙ ያዩታል። አራቱም በየእሑዱ እንዲህ ያደርጋሉ፤ እስኪደክማቸው ይሄዳሉ፣ ከዚያም ይመለሳሉ።

በሰንበት የመጫወት ነገር በዚህች ከተማ የቈየ ክርክር አለው። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በስብከት ሰዓት ጎልፍ የተጫወቱ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው ይቀጡ ነበር። ኋላም ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1903 ሜዳውን የጠበቁት ታላቁ ቶም ሞሪስ የሰንበቱን መዘጋት አጥብቀው ያዙ። እንደ እርሳቸው አሳብ ተጫዋቹ ዕረፍት ባይፈልግ እንኳ መሬቱ ያስፈልገው ነበር። ሣር ተረግጦ ማገገም እንዳለበት አትክልተኛ ሁሉ ያውቃል።

ነገሩን ግን ከሆነው በላይ አናሳምረው። በዚያው እሑድ ከአሮጌው ሜዳ አጥር በማይለየው አዲሱ ሜዳ ላይ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የምታቸው ድምፅ ይሰማን ነበር። ታላላቅ ውድድሮች ሲደረጉም አሮጌው ሜዳ ራሱ በሰንበት ይከፈታል፤ በ2022 ለ150ኛ ጊዜ የተደረገው የብሪታንያ ታላቅ ውድድር በዚህ ሜዳ የተፈጸመው ሐምሌ 17 ቀን እሑድ ነበር። አስተናጋጃችን በዚህ ቅር እንደሚላቸው አልሸሸጉንም። በኛም በኩል ያለውን ብናነሣ፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ የተወሰነላት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን ሳለ፣ በብዙ ቤቶች ቅዳሜ የገበያ፣ እሑድ የቴሌቪዥን ኳስ ቀን ሆኖ እናያለን። ቅዳሴ አስቀድሰው የመጡ አባት ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ ስልካቸው ሲያዘነብሉ ልጆቻቸው ያያሉ።

ከሜዳው ወደ ባሕሩ ሲሻገሩ ዌስት ሳንድስ የሚባል ረጅም የአሸዋ ዳርቻ ይገኛል። በ1981 በወጣው «የእሳት ሠረገላዎች» በተባለው ፊልም መጀመሪያ ላይ ወጣቶች በባዶ እግር የሚሮጡት በዚህ አሸዋ ላይ ነው። ፊልሙ ከሚተርክላቸው ሰዎች አንዱ ኤሪክ ሊድል ነበር። ይህ ስኮትላንዳዊ በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ሩጫ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሲሆን፣ ማጣሪያው በእሑድ ስለ ዋለ አልሮጥም አለ፤ በምትኩ በ400 ሜትር ተወዳድሮ በ47.6 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያም ወደ ተወለደበት ወደ ቻይና በሚስዮናዊነት ሄዶ፣ በ1945 በጃፓኖች የእስረኞች ሰፈር ውስጥ ዐረፈ። እኛ በዚያ ስናልፍ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ አሸዋው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር።

ከቀትር በኋላ ፖስተኛው ወደ ካቴድራሉ ፍርስራሽ ወሰዱን። በመካነ መቃብሩ ግድግዳ ላይ አንድ ወጣት ኳስ ሊመታ ዱላውን ይዞ ጐንበስ ሲል የሚያሳይ የድንጋይ ምስል አለ። የታላቁ ቶም ልጅ፣ ታናሹ ቶም ሞሪስ ነው። በ1868 ገና 17 ዓመቱ ሳለ የብሪታንያን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉት ሦስት ውድድሮችም ተከታትሎ ድል አደረገ። በመስከረም 1875 ከአባቱ ጋር በኖርዝ ቤሪክ ሲጫወት፣ በወሊድ ላይ የነበረችው ሚስቱ ማርጋሬት በብርቱ መታመሟን የሚገልጽ ቴሌግራም ደረሰ። ሴንት አንድሩስ ከሰፊው የባሕር ሰላጤ ወዲያ ማዶ ስለ ሆነ አባትና ልጅ በጀልባ ተሻገሩ። ከቤቱ ሲደርስ እናትም ሕፃንም ዐርፈው አገኛቸው። እርሱም በዚያው ዓመት በልደት ቀን፣ በ24 ዓመቱ፣ በአልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። አባቱ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ሁሉ ቀብረው፣ በ1908 በ86 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ኖሩ። እሑድ ሜዳው ይረፍ ይሉ የነበሩት እኒህ ሰው ናቸው።

ፖስተኛው ከምስሉ ፊት ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ቈይተውም በ16 ዓመታቸው ሥራ ሲጀምሩ የቴሌግራም አመላላሽ እንደ ነበሩ ነገሩን፤ በአገራቸው የቴሌግራም ሥራ በ1982 ቀርቷል። በብስክሌት ሲመጡ ከመስኮት ያዩዋቸው እናቶች ገና ሳያንኳኩ በሩን ይከፍቱ ነበር፤ አንዳንዶቹም እጃቸውን ለመዘርጋት ይፈሩ ነበር። እዚህ ምስል ፊት በቆሙ ቍጥር ሁሉም ሰው ስለ ወጣቱ ሻምፒዮን ሲናገር፣ እርሳቸው የሚያስቡት ያን ወረቀት ይዞ በሣሩ ላይ ወደ ተጫዋቾቹ የሄደውን ልጅ መሆኑን ነገሩን። ዕድሜው ስንት እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ላከው፣ ወረቀቱን ለአባትየው ነው ወይስ ለልጁ የሰጠው እያሉ ያስባሉ። ሦስቱ ወዳጆቻቸው ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ ሰምተውት ኖሮ፣ ፈንጠር ብለው በግንቡ ጥላ ሥር ይጠብቁ ነበር። ጨርሰው ሲነሡ ሐኪሙ መጥተው ክንዳቸውን ያዙላቸው፤ ዓሣ አጥማጁም የሚቀጥለው ቅዳሜ ሻይ የማን እንደ ሆነ ከሩቅ ጮኸው ጠየቁ።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡሳችን ከመምጣቱ በፊት እንደ ገና ወደ ሜዳው ዳር ወጣን። ጤዛው ገና አልረገፈም፤ ባንዲራዎቹ ተተክለዋል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ተጫዋቾች በመነሻው ላይ ቆመዋል። አንደኛው ዱላውን አንሥቶ ሊመታ ሲል፣ አንዲት አሮጊት ከውሻቸው ጋር በአያት ክላርክ መንገድ ብቅ አሉ። ተጫዋቹም ዱላውን መልሶ አወረደ።